ማይክ ዌብስተር እና የጡረታ ቦርዱ፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

በአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ በፒትስበርግ ስቲለርስ ማልያ አራት ጊዜ የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ባለድል የሆነው ማይክ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1999 በጠበቃው አማካይነት ለፉትቦል ተጫዋቾች የጡረታ ቦርድ ማመልከቻ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የማመልከቻው ፍሬ ነገር በአሥራ ሰባት የውድድር ዘመን ጨዋታ አንጎሉ ስለተጎዳ ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር አልቻለም የሚል ነበር። ቦርዱ ጉዳቱን አልካደም፤ አመነ። ጉዳዩን ለጥናት የሚጋብዘውም ይኸው ነው። ብሔራዊ የፉትቦል ሊጉ፣ ማለትም ኤን ኤፍ ኤል፣ ባቋቋመው የሐኪሞች ኮሚቴ በኩል ጨዋታው በተጫዋቾች አንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ማድረሱ አልታየም እያለ በሳይንስ መጽሔት መጻፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ፣ የቡድን ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር በጋራ የሚያስተዳድሩት ቦርድ ጉዳቱን በደብዳቤ አረጋግጦ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ለክርክር የቀረው «ጉዳቱ ከሥራ ውጪ ያደረገው ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚለው ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ሁለት ፍርድ ቤቶች መወሰን ግድ ሆኖባቸዋል።

ስለ ዌብስተር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የመጨረሻ ዓመታቱ መከራና ከሞተ በኋላ አንጎሉን የመረመሩት ናይጄሪያዊ ሐኪም ያገኙት ግኝት ነው። ሁለቱም ሊተረኩ የሚገባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የጡረታው መዝገብ በእነርሱ ስለሚሸፈን፣ አንድን ጉዳት በአንዱ ቢሮ እየመዘገቡ በሌላው መካድ እንዴት እንደሚቻል የሚያሳየው ክፍል ሳይታይ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በዚያ መዝገብ ላይ ነው።

ተጫዋቹና የተሰለፈበት ቦታ

ዌብስተር በ1952 በዊስኮንሲን ግዛት ቶማሃውክ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወልዶ በቤተሰቡ የድንች እርሻ አደገ። ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ከቆየ በኋላ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት የ1974 ምርጫ ስቲለርስ በአምስተኛው ዙር፣ በጠቅላላው ተራ 125ኛ አድርጎ ወሰደው። ስቲለርስ በዚያው ምርጫ ሊን ስዋንን፣ ጃክ ላምበርትንና ጆን ስቶልዎርዝንም ያገኘ ሲሆን፣ አራቱም ከጊዜ በኋላ በፕሮ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። አሠልጣኙ ቸክ ኖል ከግዙፍ ይልቅ ቀልጣፋ የመስመር ተጫዋች ይመርጡ ስለነበር፣ ግዙፍ ያልሆነው ወጣት ለአጨዋወታቸው የተመቸ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከአንጋፋው ሬይ ማንስፊልድ ጋር እየተፈራረቀ ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ የሴንተር፣ ማለትም የማጥቃቱ መስመር የመሐል ተጫዋች፣ ቦታ የእርሱ ብቻ ሆነ።

በቁጥር ሲታይ የተጫዋችነት ዘመኑ የጽናት ታሪክ ነው። እስከ 1986 ድረስ 150 ጨዋታዎችን ያለማቋረጥ በቋሚነት ጀመረ፤ ይህን ጉዞ ያቋረጠው የክርን መውለቅ ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ለሊጉ የከዋክብት ጨዋታ ለፕሮ ቦውል ተመረጠ፤ ለዘጠኝ ዓመታት የማጥቃቱ ክፍል አምበል ሆነ፤ በ1994 የሊጉ 75ኛ ዓመት ሲከበር በታሪክ ምርጥ በተባለው ቡድን ውስጥ ተካተተ። በስቲለርስ 15 የውድድር ዘመንና 220 ጨዋታዎችን፣ በካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ደግሞ ሁለት ዓመት ጨምሮ በድምሩ 245 ጨዋታዎችን አደረገ። በፒትስበርግ የክረምት ቅዝቃዜ ክንዱን አጋልጦ መጫወቱና ከምክክሩ ክብ ወጥቶ ወደ መስመሩ እየሮጠ መሄዱ ለደጋፊው መለያው ነበር። «አይረን ማይክ»፣ ብረቱ ማይክ፣ የሚለውን ቅጽል ያወጣለትም ይኸው አለመሰበሩ ነው።

የሴንተር ሥራ ምን እንደሆነ ሳይገባ ግን የኋላው ክርክር አይገባም። ሴንተር ጎንበስ ብሎ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ማጥቃቱን ወደሚመራው ተጫዋች፣ ወደ ኳርተርባኩ፣ ያሻግራል፤ በዚያው ቅጽበት ፊት ለፊቱ የቆመውን ተከላካይ መግታት አለበት። አንድ እጁ በኳሱ ስለሚያዝ ከባላጋራው ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው ራሱ ነው፤ ሄልሜት ከሄልሜት ጋር ይጋጫል። በ1978 ሕጉ ተሻሽሎ የመስመር ተጫዋቾች ክንዳቸውን ዘርግተው በተከፈተ መዳፍ እንዲገፉ እስኪፈቀድላቸው ድረስ መግቻው በዋናነት ትከሻና ራስ ነበር። ከዚያም በኋላ ብዙ ቡድኖች ከሴንተሩ ፊት በቀጥታ ግዙፍ ተከላካይ የሚያቆሙበትን አሰላለፍ መከተል ስለጀመሩ የዚህ ቦታ ጫና አልቀለለም። ኳርተርባክ ሲመታ ስታዲየሙ ያየዋል፤ ሯጭ ሲወድቅ ካሜራው ይከተለዋል፤ ሴንተር ግን በእያንዳንዱ ጨዋታ መነሻ ላይ የሚደርስበትን ግጭት ማንም አይቆጥርለትም። ከእነዚህ ግጭቶች አብዛኞቹ ራስ የሚያስቱ አይደሉም፤ ስለዚህ በሕክምና መዝገብ ላይ አይሰፍሩም። ዌብስተር ደግሞ በልምምድም ቢሆን ሥራውን የሚያቃልል ሰው አልነበረም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከሜዳ እምብዛም አለመቅረቱ ለዝናው መሠረት የሆነውን ያህል፣ በኋላ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት ሲያስፈልገው ወረቀት እንዳይኖረው ያደረገውም እርሱው መሆኑ ነው።

ከሜዳ ከወጣ በኋላ

ቺፍስ በ1989 ዌብስተርን የወሰደው ለረዳት አሠልጣኝነት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጫዋችነት ተመለሰና እስከ 1990 የውድድር ዘመን ማብቂያ ቀጠለ። በማርች 1991 ጨዋታ አቆመ።

ቀጥሎ የሆነው በፍጥነት የሆነ ነው። ገንዘቡን ያፈሰሰባቸው ንግዶች ከሰሩ፤ ትዳሩ ተናጋ፤ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር መጨረስ፣ የያዘውን ቀጠሮ ማስታወስ አቃተው። ቀድሞ በዝምታውና በጨዋነቱ የሚታወቅ ሰው በድንገት የሚቆጣ ሆነ። በፒክ አፕ መኪናው ውስጥና በፒትስበርግ የባቡር ጣቢያ የሚያድርበት ጊዜ መጣ፤ የስቲለርስ ባለቤት ዳን ሩኒ ለተወሰነ ጊዜ ሆቴል እንዲያርፍ ወጪውን ሸፍነውለታል። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ ሰውነቱን እየነዘረ ራሱን ስቶ ለመተኛት ይሞክር እንደነበር ቅርብ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ገና ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጁ ትምህርቱንና ጓደኞቹን ትቶ ከዊስኮንሲን መጥቶ አብሮት በመኖር ይጠብቀው ነበር።

በ1997 ወደ ዝና አዳራሹ ሲገባ ያቀረበው በስቲለርስ ዘመኑ ኳሱን ሲያቀብለው የኖረው ኳርተርባክ ቴሪ ብራድሾው ነው። ብራድሾው ኳስ አስመጥቶ ሁለቱ በመድረኩ ላይ እንደ ድሮው አንድ ጊዜ አደረጉት፤ ሕዝቡም ሳቀ፤ አጨበጨበ። ከዚያ ዌብስተር ያደረገው ንግግር ግን ከተያዘለት ጊዜ በላይ የረዘመና ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው የሚዘል ስለነበር፣ ያዩት ሰዎች አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ያስተዋሉት ያን ዕለት ነው። በ1999 ደግሞ ሪታሊን የተባለውን መድኃኒት ለማግኘት የሐኪም ማዘዣ አስመስሎ ጽፏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ክሱን ባለመቃወሙ የአምስት ዓመት የፈተና ገደብ ተወሰነበት። መድኃኒቱን የሚፈልገው ሐሳቡን ለመሰብሰብ ይረዳው ስለነበር ነው።

ማመልከቻው

ጉዳዩን የያዙት ጠበቃ በዌስት ቨርጂኒያ ዊሊንግ ከተማ የሚሠሩት ቦብ ፊትስሲሞንስ ናቸው። ዌብስተርን ለተለያዩ ሐኪሞች አሳዩት፤ ሐኪሞቹም የተለያየ ሙያ ያላቸው ቢሆኑም የአንጎሉ የፊት ክፍል መጎዳቱንና መንስኤው በጨዋታ ዘመኑ የተደጋገመው የራስ ግጭት መሆኑን በአንድ ድምፅ ገለጹ።

ማመልከቻው የቀረበለት የጡረታ ፕላን በቀድሞዎቹ የሊጉ ኮሚሽነሮች በበርት ቤልና በፒት ሮዜል ስም የተሰየመ ነው። የሚያስተዳድረው ቦርድ ድምፅ ያላቸው ስድስት አባላት ሲኖሩት፣ ሦስቱን የቡድን ባለቤቶች፣ ሦስቱን የተጫዋቾች ማኅበር ይሰይማሉ። ይህን መዘንጋት አይገባም። ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሊጉ በደል ብቻ ተደርጎ ቢነገርም፣ ውሳኔው የተሰጠው የተጫዋቾቹ ወኪሎች ግማሹን ወንበር በያዙበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ፕላኑ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ለሆኑ ተጫዋቾች የሚከፍለውን በየደረጃው ይለይ ነበር። ከፍተኛው ክፍያ ጉዳቱ በጨዋታ ላይ ሳለ ደርሶበት ወዲያው ከሥራ ውጪ ላደረገው ተጫዋች ነበር። ከእርሱ የሚያንሰው ደግሞ ጉዳቱ ከፉትቦል የመጣ ቢሆንም እያደር ብሶ ከዓመታት በኋላ ከሥራ ውጪ ላደረገው የሚሰጥ ነበር። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ይመስላል። የአጥንት ስብራት ቀንና ሰዓት አለው፤ ጉልበት የወለቀበት ተጫዋች የወለቀበትን ጨዋታ ይናገራል። ለብዙ ዓመታት ጠብታ በጠብታ የተጠራቀመ የአንጎል ጉዳት ግን ጀመረ የሚባልበት ዕለት የለውም፤ ደረጃዎቹን የቀረጹት ሰዎች ጉልበትና ትከሻን እያሰቡ እንደነበር ደንቡን ሲያነቡት ያስታውቃል።

ቦርዱ በበኩሉ ዌብስተርን በክሊቭላንድ ወደሚሠሩ ገለልተኛ የነርቭ ሐኪም ላከው። እኚህ በፕላኑ የተመረጡ ሐኪም የሰጡት አስተያየት ከዌብስተር ሐኪሞች የሚለይ አልነበረም፤ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ የሆነው በማርች 1991፣ ጨዋታ ባቆመበት ጊዜ መሆኑን ጻፉ። ይህ ሁሉ ቢሆንም ቦርዱ በ1999 የወሰነው ዝቅተኛውን ደረጃ ሲሆን፣ መነሻውንም ሴፕቴምበር 1996 አደረገው። ምክንያቱም ዌብስተር ከ1991 በኋላ እዚህም እዚያም መሥራቱና ገቢ ማግኘቱ የሚታይ በመሆኑ በእነዚያ ዓመታት መሥራት ይችል ነበር የሚል ነው። ክርክሩ እንግዲህ በአምስት ዓመት ተኩል ልዩነት ላይ ተወሰነ። በሜይ 2000 የፕላኑ ኃላፊ ለጠበቃው በጻፉት ደብዳቤ ግን የዌብስተር ጉዳት ለስቲለርስና ለቺፍስ ሲጫወት በራሱ ላይ ከደረሱት ጉዳቶች የመጣ መሆኑን በማያሻማ ቃል አስፍረዋል።

በእኔ ግምት በመዝገቡ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ሕክምናዊ ግኝት ከመታተሙ ከአምስት ዓመት፣ ሊጉ ነገሩን በአደባባይ ከማመኑ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሆኖም በአንድ የሕግ ቢሮ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ቆየ፤ ብዙ ሕዝብ ያወቀው ጋዜጠኞች በ2012 ይፋ ካደረጉት በኋላ ነው። ሊጉ የጡረታ ቦርዱ ራሱን የቻለ አካል ስለሆነ ውሳኔው የሊጉ አቋም አይደለም የሚል ማስተባበያ ሰጥቷል። በሕግ ዐይን ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በቦርዱ የተቀመጡት ሦስቱ ሰዎች ሊጉን የመሠረቱት ቡድኖች ባለቤቶች ወኪሎች ናቸው፤ ባለቤቶቹ በአንዱ ክፍል ያወቁትን በሌላው ክፍል አላወቁም ብሎ መቀበል ይከብዳል።

አስከሬን ምርመራው

ዌብስተር በ50 ዓመቱ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2002 በልብ ድካም ፒትስበርግ ውስጥ ሞተ። የይግባኝ ጥያቄው ገና አልተቋጨም ነበር።

አስከሬኑ የተወሰደው ወደ አሌጌኒ ካውንቲ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ሲሆን በዕለቱ ተረኛ የነበሩት ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነበሩ። ናይጄሪያ ተወልደው እዚያው ሕክምና የተማሩትና በ1994 ወደ አሜሪካ የመጡት ኦማሉ ፉትቦል አይከታተሉም፤ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ማን እንደሆነም አያውቁም ነበር። አንጎሉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ዶክተሩ ግን አንጎሉን ለጥናት አቆይተው፣ በራሳቸው ወጪ ስስ ቁራጮች አስቆርጠው በማቅለሚያ አስመረመሩት፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩትም ታው የተባለው ፕሮቲን ሊገኝበት በማይገባ ሁኔታ ተከማችቶ አገኙ። ተመሳሳይ የአንጎል ጉዳት በቦክሰኞች ላይ መኖሩ ከ1928 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ይታወቅ ነበር፤ በፉትቦል ተጫዋች ላይ ግን ከዚያ በፊት በጽሑፍ አልተመዘገበም። ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት ጽሑፍ በጁላይ 2005 «ኒውሮሰርጀሪ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ከተደጋገመ የራስ ግጭት የሚመጣው ይህ የአንጎል ሕመም ዛሬ በአጭሩ ሲቲኢ እየተባለ ይጠራል።

ሊጉ በ1994 በኮሚሽነር ፖል ታግሊያቡ ዘመን የራስ ጉዳትን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቁሞ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ የመሩት የኒው ዮርክ ጄትስ ሐኪም ኤሊዮት ፔልማን ሙያቸው የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና ነው። ኮሚቴው ተከታታይ ጥናቶቹን ያሳተመው በዚያው በ«ኒውሮሰርጀሪ» መጽሔት ሲሆን፣ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ለኒው ዮርክ ጃይንትስ አማካሪ ነበሩ። የኦማሉ ጽሑፍ ሲወጣ ሦስት የኮሚቴው አባላት ጽሑፉ እንዲሰረዝ በደብዳቤ ጠየቁ። መጽሔቱ አልሰረዘውም፤ በ2006 ኦማሉ ሁለተኛ ጉዳይ አሳተሙ፤ ይህኛውም የስቲለርስ የቀድሞ የመስመር ተጫዋች የነበረው ቴሪ ሎንግ ነበር።

ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የኮሚቴው ሐኪሞች በአንድ አስከሬን ላይ የተመሠረተ ድምዳሜ ነው ብለው ግኝቱን ሲያጣጥሉ፣ ስለዚያው ሰው በሕይወት ሳለ የተጻፈ፣ በፕላኑ የተመደቡ ሐኪም ያረጋገጡትና ቦርዱ የተቀበለው ውሳኔ ካለ አምስት ዓመት አልፎታል። አንድ ጉዳይ ለሳይንስ በቂ ማስረጃ አይደለም ማለት ይቻላል፤ እንዲያውም ትክክል ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር መሆኑንም በኋላ እናያለን። ጽሑፉ ይሰረዝ ማለት ግን ጥንቃቄ አይደለም።

ፍርዱ

የውርሱ አስተዳዳሪ ፕላኑን ከሰሰ። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ዓይነቱን ክስ ማሸነፍ ከባድ ነው፤ የጡረታ ፕላን ደንብ ለቦርዱ ሰፊ የመወሰን ሥልጣን ከሰጠ፣ ፍርድ ቤት «እኔ ብሆን እንዲህ እወስን ነበር» ብሎ ውሳኔውን መሻር አይችልም። መመርመር የሚችለው ቦርዱ ሥልጣኑን ያለአግባብ ተጠቅሞበታል ወይ የሚለውን፣ ማለትም ውሳኔው በመዝገቡ ካለው ማስረጃ ጋር በምክንያት የተያያዘ መሆን አለመሆኑን ነው። አብዛኞቹ ከሳሾች የሚሸነፉት በዚህ መስፈርት ነው።

የባልቲሞር ፌዴራል ዳኛ ዊልያም ኳርልስ በ2005 ለዌብስተር ወራሾች ፈረዱ፤ በዲሴምበር 2006 በሪችመንድ ቨርጂኒያ የሚያስችለው የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸና። የፍርዱ መሠረት የሕክምናው ማስረጃ አለመከፋፈሉ ነው። ሁለት ወገን ሐኪሞች ተቃራኒ ሐሳብ ሰጥተው ቦርዱ አንዱን መርጦ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤቱ እጁን ባላስገባ ነበር። እዚህ ግን የጊዜውን ጥያቄ የመለሱት ባለሙያዎች ሁሉ፣ ቦርዱ ራሱ የመረጣቸው ሐኪም ሳይቀሩ፣ 1991 ብለው ሳለ ቦርዱ ማንም ሐኪም ያልጠቀሰውን 1996 መረጠ። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ሥራ ሞክሮ አለመዝለቁ መሥራት ይችል እንደነበር ማስረጃ አይሆንም። ለወራሾቹ የሚከፈለው በወቅቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ፍርዱ ቦርዱ ክፉ አሳቢ ነው አላለም፤ እኔም ከመዝገቡ ተነሥቼ ያንን ለማለት አልደፍርም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ጉዳቱን ማመን ለአንድ ሰው ወርኃዊ ክፍያ መወሰን ማለት ነበር፤ ጉዳቱ በጨዋታ ላይ ሳለ ከሥራ ውጪ አድርጎታል ማለት ግን በየሳምንቱ ሜዳ ሲገባ የነበረ፣ አምበል የነበረ፣ በቡድን ሐኪሞች ፊት የሚመላለስ ሰው አንጎሉ ተጎድቶ ሳለ ይጫወት ነበር ማለት ነው። የኋለኛው ለሌሎች ተጫዋቾችም በር ይከፍታል። ቦርዱ ይህን አስቦ ነው ያልከፈተው የሚል ማስረጃ የለም፤ ልዩነቱ ግን ከአምስት ዓመት ተኩል ውዝፍ ገንዘብ የሰፋ ትርጉም እንደነበረው ግልጽ ነው።

ከፍርዱ በኋላ

በኦክቶበር 2009 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ የሊጉን ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴልን ጠርቶ ሲጠይቅ፣ የካሊፎርኒያዋ ተወካይ ሊንዳ ሳንቼዝ የሊጉን አቋም ከትምባሆ ኩባንያዎች የቀድሞ ክህደት ጋር አመሳሰሉት። በቀጣዩ ወር የሊጉ የራስ ጉዳት ኮሚቴ ሁለት ሰብሳቢዎች ለቀቁ፤ በዲሴምበር የሊጉ ቃል አቀባይ የራስ ግጭት የረጅም ጊዜ ችግር ሊያስከትል እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ አመኑ። በፉትቦልና በሲቲኢ መካከል ግንኙነት መኖሩን አንድ ከፍተኛ የሊጉ ባለሥልጣን በግልጽ የተናገሩት ደግሞ በማርች 2016 ነው።

በመካከሉ የቺካጎ ቤርስ ተከላካይ የነበረው ዴቭ ዱዌርሰን በ2011፣ የሳን ዲዬጎው ጁኒየር ሴው በ2012 ደረታቸውን በጥይት መትተው ራሳቸውን አጠፉ፤ ሁለቱም አንጎላቸው ሲመረመር ሲቲኢ ተገኘበት። ዱዌርሰን ከመሞቱ በፊት በዚሁ የጡረታ ቦርድ የተጫዋቾች ማኅበር ወኪል ሆኖ የጓደኞቹን ማመልከቻ ይመረምር ነበር። በ2017 የታተመ የቦስተን ተመራማሪዎች ጥናት ከመረመራቸው 111 የቀድሞ የኤን ኤፍ ኤል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ሲቲኢ አግኝቷል። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢሆንም አንጎላቸውን ለጥናት የሚሰጡት በብዛት ምልክት የታየባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ስለሆኑ፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ተጫዋች ሕመሙ አለበት ማለት እንዳልሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ሕመሙ በእርግጠኝነት የሚታወቀው እስካሁን ከሞት በኋላ ብቻ ነው።

ከ4,500 በላይ የቀድሞ ተጫዋቾች የመሠረቱት ክስ በ2013 በ765 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ሊዘጋ ሲል፣ የፊላደልፊያዋ ፌዴራል ዳኛ አኒታ ብሮዲ ገንዘቡ ላይበቃ ይችላል ብለው መለሱት፤ ጣሪያው ተነሥቶ በኤፕሪል 2015 ጸደቀ። በስምምነቱ በሲቲኢ ለሞተ ተጫዋች ቤተሰብ እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ቢችልም፣ ሟቹ ስምምነቱ ከጸደቀበት ቀን በፊት ያረፈ መሆን አለበት። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ2006 በፊት የሞቱት በይርጋ ምክንያት በመርህ ደረጃ ወጪ ተደርገዋል፤ ሕመሙ የተገኘበት የመጀመሪያው ተጫዋች ዌብስተር የሞተው በ2002 ነው።

የዌብስተር ፍርድ በሕግ መጽሔት እንዲወጣ ተብሎ የተሰጠ ስላልነበረ ሌሎችን ጉዳዮች የሚያስገድድ ኃይል አልነበረውም። አስገዳጅ የሆነው ፍርድ በዚያው የሪችመንድ ፍርድ ቤት የተሰጠው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ2017 ነው። ከሳሹ ከ1986 እስከ 1994 የተጫወተው የመስመር ተከላካይ ጄሲ ሰሎሞን፣ ተከሳሹ ያው የጡረታ ፕላን፣ ጥያቄውም የአንጎል ጉዳቱ ከሥራ ውጪ ያደረገው ደንቡ በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ነው ወይስ ካለፈ በኋላ የሚል ነበር። ቦርዱ የራሱን ሐኪም ጨምሮ ያልተስተባበለ የሕክምና ማስረጃን ችላ ብሏል ተብሎ በድጋሚ ተሸነፈ።